ማንም ዘማች ብቻውን አይሙት፦ ከአንድ ሌሊት የተነሳ የበጎ ፈቃድ ሥራ

እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ቦታው አሜሪካ፣ ኦሪገን ግዛት፣ ዩጂን ከተማ ያለው ሴክርድ ሃርት ሆስፒታል ነው። ሌሊት ነው፣ ዝናብ ይዘንባል። ሳንድራ ክላርክ የምትባል ነርስ ተረኛ ናት። ሰባት ሕመምተኞች አሉባት። የመጀመሪያውን ዙር ስትዞር አንድ ሽማግሌ የተኙበት ክፍል ገባች። ሰውየው ገርጥተዋል፣ ሰውነታቸው አልቋል፣ ይንቀጠቀጣሉ። ልባቸው ቢቆም ለማስነሳት እንዳይሞከር ካርዳቸው ላይ ተጽፏል። ቤተሰብ የላቸውም። «አብረሽኝ ትቆያለሽ?» ብለው ጠየቋት። «እሺ፣ ሌሎቹን አይቼ እንደጨረስኩ» አለቻቸው።

ከዚያ ሥራው ያዛት። የስድስት ሰው ግፊትና ሙቀት መለካት አለ። መድኃኒት ማደል አለ። ካርድ ማየት፣ ሽንት ቤት ማድረስ አለ። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል አለፈ። ስትመለስ ሰውየው ሞተዋል።

ክላርክ ይህን ሌሊት በኋላ ራሷ ጽፋዋለች። ያንገበገባት ሰውየው መሞታቸው አልነበረም። ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ የውስጥ አካላቸው ደክሟል፣ ጊዜያቸው ደርሷል። ያንገበገባት ብቻቸውን መሞታቸው ነው። ዙሪያዋን ብታይ ሕንፃው ውስጥ በዘመናዊ መሣሪያ ሰው ለማዳን የሚሯሯጥ ባለሙያ ሞልቷል። ለእኚህ ሰው ግን እጃቸውን ይዞ የሚቀመጥ አንድ ሰው አልተገኘም።

ዛሬ በአሜሪካ ብዙ ሆስፒታሎች ውስጥ በጎ ፈቃደኞች ከሚሞቱ ሕመምተኞች ጎን ተራ ገብተው ይቀመጣሉ። በተለይ የቀድሞ ወታደሮች፣ እኛ ዘማቾች የምንላቸው፣ በሚታከሙባቸው ሆስፒታሎች ይህ ሥራ ሥር ሰዷል። መነሻው የዚያች ሌሊት ጉዳይ ነው። ስለዚህ ጉዳዩን ከሥሩ ማየት ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

የጎደለው ምን ነበር?

ይህን ታሪክ የሰማ ሰው ወይ ነርሷን ይወቅሳል፣ ወይ «ፈረንጅ እንዲህ ነው» ብሎ ያልፋል። ሁለቱም ልክ አይመስለኝም። ክላርክ ሰውየውን አላመናጨቀቻቸውም። እመለሳለሁ ያለችው ከልቧ ነው፣ ተመልሳለችም። ለዓመታት ከውስጧ ያልወጣውም ደንታ ቢስ ስላልነበረች ነው።

እስቲ የሌሊት ተረኛን ሥራ አስቡት። አንዱ መድኃኒቱ ሰዓቱ ደርሷል፣ ካለፈ ይጎዳል። ሌላዋ ሽንት ቤት መሄድ ትፈልጋለች፣ ብቻዋን ከተነሳች ትወድቃለች። እነዚህ ሥራዎች በሙሉ ወረቀት ላይ አሉ። ሰዓት አላቸው። ካልተሠሩ ጠዋት ላይ ጠያቂ አላቸው። ከሚሞት ሰው ጎን መቀመጥ ግን ወረቀቱ ላይ የለም። ጠያቂ የሌለው ሥራ ደግሞ ሁልጊዜ ነገ ይደረሳል ይባላል። እዚህ ላይ ነገ የለም።

እኔ ከዚህ ጉዳይ የምይዘው ትልቁ ነገር ይህ ነው፦ አብሮ መቀመጥ ለሰው ደግነት ብቻ ከተተወ ይቀራል። እንደ መድኃኒቱ ሰዓት ሊቆረጥለትና ተረኛ ሊመደብለት ይገባል።

አገር ቤት ሆስፒታል የተኛ ሰው አስታማሚ አለው። ወለል ላይ ካርቶን አንጥፎ የሚያድር ወንድም አለ። ምሳ ቋጥራ የምትመጣ እህት አለች። መድኃኒት ግዙ ተብሎ ወረቀት የሚሰጠው ለአስታማሚው ነው። አስታማሚ የሌለው ካለ እንኳ የጎረቤት አልጋ ሰው ውሃ ያቀብለዋል። አሜሪካ ውስጥ ይህን ሁሉ ሆስፒታሉ ወስዶታል። ማጠቡም ማብላቱም የባለሙያ ሥራ ነው። ይህ ለሕመምተኛው ትልቅ እፎይታ ነው፣ ለቤተሰቡም እንደዚያው። ግን ሥራው ሲከፋፈል አብሮ መቀመጡ ለማንም ሳይደርስ መሃል ላይ ቀረ።

አሥራ አምስት ዓመት የፈጀ ሐሳብ

ክላርክ ሐሳቡን ይዛ ብዙ ጊዜ ቆየች። እዚያው ሆስፒታል ውስጥ በተግባር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2001 መጨረሻ ላይ ነው። ስሙም ያለ ምንም ማስጌጫ «ማንም ብቻውን አይሞትም» የሚል ሆነ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሕመምተኛው በአብዛኛው በሦስት ቀን ውስጥ ያልፋል ተብሎ ይገመታል። ለማዳን የሚደረገው ሕክምና ቆሞ ሕመም ማስታገሱ ብቻ ቀርቷል። ቤተሰብ የለውም፣ ወይም ያለው ሩቅ ነው፣ ወይም መጥቶ ደክሞታል። ያኔ ነርሷ ስልክ ትደውላለች። አስተባባሪው ዝርዝሩን አውጥቶ በጎ ፈቃደኞቹን ይጠራል። አንዱ ጥቂት ሰዓት ተቀምጦ ሲነሳ ሌላው ይተካዋል። ለተቀማጩ የሚሰጥ ቦርሳ አለ። ሙዚቃ ማጫወቻ፣ መጽሐፍ ቅዱስና ማስታወሻ ደብተር ይዟል። ተረኛው ያየውን ይጽፍና ቀጥሎ የሚመጣው ያነበዋል።

ከሁሉ የሚገርመኝ የመጡት ሰዎች ናቸው። ወጥ ቤት የሚሠሩ፣ ጥገና ላይ ያሉ፣ ቢሮ የሚውሉ የሆስፒታሉ ሠራተኞች ስማቸውን አስመዘገቡ። ነርሶች ብቻ አልነበሩም። ሰው ሲጠየቅ ይመጣል ማለት ነው። ከዚያ በፊት ሰዓት ቆርጦ የጠየቃቸው አልነበረም።

ሐሳቡ ከዩጂን ወጥቶ ወደ ሌሎች ሆስፒታሎች የተዛመተው ለዚህ ይመስለኛል። ውድ መሣሪያ አይፈልግም። አዲስ ክፍል አይሠራለትም። ወንበር፣ ስልክና የስም ዝርዝር በቂ ነው።

ሆስፒስና በጎ ፈቃደኛው

እዚህ ጋ ስለ ሆስፒስ ትንሽ ልበል። ሆስፒስ ማለት መዳን ለማይችል ሰው የሚሰጥ እንክብካቤ ነው። ሕመሙን ያስታግሳል፣ ትንፋሹን ያቀልለታል፣ ቤተሰቡን ይደግፋል። በዘመናዊ መልኩ ያቆመችው እንግሊዛዊቷ ሐኪም ሲስሊ ሳንደርስ ናት፣ እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ውስጥ። የሚሞት ሰው ሕመም የአካል ብቻ አይደለም፣ የነፍስም የቤተሰብም የገንዘብም ነው ብላ ታስተምር ነበር።

አሜሪካ ውስጥ ሜዲኬር የሚባለው የመንግሥት የአረጋውያን ጤና መድን ለሆስፒስ እንዲከፍል ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። ሕመሙ በተለመደው መንገድ ከሄደ ሰውየው ከስድስት ወር በላይ አይቆይም ብለው ሐኪሞች መፈረም አለባቸው። አብዛኛው ሕመምተኛ አገልግሎቱን የሚያገኘው ቤቱ ሆኖ ነው። ሕጉ ሌላም ነገር አለው። ሆስፒሶች ከሕመምተኛ እንክብካቤ ሰዓታቸው ቢያንስ 5 በመቶ የሚያህለውን በበጎ ፈቃደኞች እንዲሸፍኑ ያዛል። ሆስፒስ የተጀመረው በበጎ ፈቃደኞች ስለሆነ ገንዘብ ሲገባበት ያ መንፈስ እንዳይጠፋ ታስቦ ነው። እኔ ይህችን የሕግ አንቀጽ በጣም ነው የምወዳት። ግን ቀዳዳ አላት። ሰዓቱ በቢሮ ሥራም ሊሞላ ይችላል። ወረቀት የሚያደራጅ በጎ ፈቃደኛም ይቆጠራል። ወረቀቱም መደራጀት አለበት፣ ግን አልጋው ጎን ያለው ወንበር ባዶ ሆኖ ቁጥሩ ሊሞላ ይችላል።

ዘማቾቹስ ለምን ለብቻ?

የዩጂኑ ሐሳብ ከተዛመተባቸው ቦታዎች አንዱ በተለምዶ ቪኤ የሚባለው የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ነው። በብዙ የቪኤ ሆስፒታሎች «ማንም ዘማች ብቻውን አይሞትም» የሚል የበጎ ፈቃድ ሥራ አለ። መጥተው ከሚቀመጡት ውስጥ ራሳቸው ወታደር የነበሩ አሉ።

አብዛኛው ዘማች ግን የሚሞተው ከቪኤ ግቢ ውጭ ነው። ቤቱ፣ ልጁ ቤት፣ የአረጋውያን መጦሪያ ወይም ተራ ሆስፒታል ውስጥ ነው። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2010 የአሜሪካ ሆስፒሶች ማኅበርና ቪኤ ተባብረው «ዘማቾችን እናከብራለን» የሚል መርሐ ግብር ጀመሩ። ያኔ አሜሪካ ውስጥ ከሚሞቱ አራት ሰዎች አንዱ የቀድሞ ወታደር ነው ይባል ነበር። የመርሐ ግብሩ የመጀመሪያ ሥራ አንዲት ጥያቄ ማስጠየቅ ነው፦ «ወታደር ነበሩ?» ጥያቄዋ ቀላል ትመስላለች። ሳይጠየቅ የሚሞተው ግን ብዙ ነበር። ነበርኩ ካለ፣ የት ዘመቱ፣ ውጊያ አይተዋል ወይ፣ ያንን ጊዜ ዛሬ እንዴት ያዩታል፣ የስንብት ወረቀትዎ የት ነው እየተባለ ይቀጥላል።

ወታደር መሆኑን ማወቅ ለምን ይጠቅማል? ምክንያቱም ወታደር ሕመሙን ይደብቃል። በፍሎሪዳ የቪኤ ሆስፒስ ውስጥ ለረጅም ዓመታት የሠራችው ነርስ ዲቦራ ግራስማን ይህን ደጋግማ ተናግራለች። ሲሰለጥን ቻል ተብሏል፣ ማልቀስ የደካማ ነው ተብሏል። አልጋ ላይ ሆኖም ያው ነው። «ያምዎታል?» ሲሉት «ደህና ነኝ» ይላል፣ ጥርሱን ነክሶ። ስለዚህ ልምድ ያለው ሰው ሌላ መንገድ ይሄዳል። «የማይመችዎት ቦታ አለ? ሌሊት እንቅልፍ የከለከለዎት ነገር አለ?» ይላል። ግንባሩን፣ ጣቱን፣ ሲገላበጥ የሚያሰማውን ድምፅ ያያል። ያየውን ለነርሷ ይነግራል። አገር ቤትም እንዲህ ያሉ አባቶችን እናውቃለን። «ምንም አልሆንኩም» እያሉ አንሶላውን የሚጨብጡ።

ሁለተኛው ምክንያት የቆየ ፍርሃት ነው። ሃምሳ ዓመት ተጭኖ የኖረ ትዝታ ሰውነት ሲደክም ይፈነዳል። በሥራ ተይዞ፣ ልጅ እያሳደገ፣ አንዳንዱም በመጠጥ አፍኖት ኖሯል። አሁን አቅም የለውም። ሌሊት ይጮኻል። አልጋው ሥር ለመግባት ይሞክራል። የሌሉ ጓደኞቹን ስም ይጠራል። የሚሞት ሰው መንቀዥቀዥ በማንም ላይ ይደርሳል፣ ዘማች ላይ ሲደርስ ግን ጦርነቱን ይዞ ይመጣል። ክንዱን ይዞ አልጋ ላይ መጫን ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። እሱ የሚያየው ጠላት ነው።

እዚህ ላይ ለአዲስ በጎ ፈቃደኞች የሚነገር አንድ ነገር አለ፣ ሁሌ ትዝ የሚለኝ ነው። የተኛን ዘማች ትከሻውን ነክተህ አትቀስቅስ። ከላዩ አትጎንበስ። እግሩ በኩል ቁም፣ ስሙን በለሆሳስ ጥራ፣ ማን እንደሆንክ ተናገር። እስኪያይህ ጠብቅ። ከዚያ በጎን በኩል ጠጋ በል። እጁን ስትይዝም ከላይ አትጨብጠው። እጅህን ከእጁ ሥር አድርግ። መሸሽ ከፈለገ ይሸሻል፣ መያዝ ከፈለገ ይይዝሃል። ይህች ትንሽ ነገር ናት። ግን በዚያች ሰዓት ሰውየው ገና በራሱ ፈቃድ የሚወስነው ነገር ይህ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው የቪየትናም ዘማቾች ነገር ነው። ዛሬ ሆስፒስ ከሚገቡት ዘማቾች ብዙዎቹ የዚያ ጦርነት ሰዎች ናቸው፣ ዕድሜያቸው በአብዛኛው ከሰባ ያልፋል። ጦርነቱ ሕዝቡን ከፋፍሎ ስለነበር ሲመለሱ የተቀበላቸው አልነበረም። ዋሽንግተን ያለው፣ ዛሬ ከ58,000 በላይ ሙታን ስም የተቀረጸበት ጥቁር የመታሰቢያ ግድግዳ የቆመው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። በሕይወት የተመለሱት ግን ዩኒፎርማቸውን ቁም ሳጥን ውስጥ ከተው ዝም አሉ። ብዙ ሚስቶችና ልጆች የባሎቻቸውንና የአባቶቻቸውን ታሪክ መጀመሪያ የሰሙት ሆስፒስ አልጋ ላይ ነው።

ስለዚህ ብዙ ሆስፒሶች አንድ ትንሽ ሥነ ሥርዓት ያደርጋሉ። ራሱ ወታደር የነበረ በጎ ፈቃደኛ ይመጣል። ያገለገለበትን ጦር ስም ጠርቶ ትንሽ አርማ ሸሚዙ ላይ፣ ወይም ብርድ ልብሱ ላይ ያደርግለታል። ከዚያ ቀጥ ብሎ ሰላምታ ይሰጠዋል። አልጋ ላይ ያለው ሰው መናገር ካቃተው ብዙ ቀን ሆኖት ሳለ እጁን ወደ ግንባሩ ለማንሳት ሲሞክር ታያለህ። ለቪየትናም ሰው «እንኳን ለቤትህ አበቃህ» ይሉታል። በወጣትነቱ ያልተባለው ነገር ነው።

ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለሁሉም ዘማች «ጀግና ነህ» አይባልም። ያደረገውን የሚያውቀው እሱ ነው። ጓደኛው ሞቶ እሱ የተረፈ፣ ሕፃን ሲሞት ያየ፣ ራሱ የገደለ ሰው «ጀግና» ሲሉት ሊያመው ይችላል። ሥነ ሥርዓቱንም አልፈልግም ካለ አልፈልግም ነው። ዘመዶቹ ፎቶ ማንሳት ስላማራቸው አይደረግም።

የሚናዘዝም አለ። ለማንም ያልተናገረውን አንድ ቀን ለማያውቀው በጎ ፈቃደኛ ይዘረግፈዋል። ያኔ «ጦርነት ነው፣ ምን ታደርግ ነበር» ብሎ ማቃለል አይገባም። ማጽናናት ይመስላል እንጂ አፍ መዝጋት ነው። ይሰማል። ዝም ይባላል። «ይህን ብቻዎን ተሸክመው ኖሩ?» ማለት ይበቃል። ከዚያ ፈቃዱ ከሆነ ቄሱን ወይም የሆስፒሱን የመንፈስ አማካሪ መጥራት ነው። ይቅር ማለት የበጎ ፈቃደኛው ሥልጣን አይደለም።

ከወንበሩ ላይ ያለው ሥራ

ተቀማጩ መድኃኒት አይሰጥም። አያነሳም፣ አያገላብጥም። ለእኛ ሰው የሚከብደው ደግሞ ውሃና ምግብ ነው። የሚሞት ሰው መዋጥ ሲያቅተው አፉ ላይ የተጨመረ ውሃ ወደ ሳንባው ይወርዳል። ትን ይለዋል፣ ይታፈናል። ሰውነቱ ምግብ መፈለጉን አቁሟል። ተርቦ አይደለም የሚሞተው። ከንፈሩን በእርጥብ ስፖንጅ ማራስ፣ ቅባት መቀባት ነው የሚረዳው። ጠበል ለማጠጣት ለሚፈልግ ቤተሰብም ጠብታ ከንፈር ላይ ማሳረፍ ይቻላል። ነርሷን አማክሮ ነው።

መጨረሻው ሲቃረብ ትንፋሹ ይለዋወጣል። ይፈጥናል፣ ይቆማል፣ ቆይቶ ደግሞ ይመለሳል። ጉሮሮው ውስጥ ይንኮራኮራል። እግሩ ይቀዘቅዛል፣ ጉልበቱ ላይ ቆዳው ይዥጎረጎራል። ይህን ለማያውቅ ሰው ያስደነግጣል። ለሚያውቅ ግን የተለመደ ጉዞ ነው። አስቀድሞ የተነገረው በጎ ፈቃደኛ ተነስቶ አይሮጥም።

መናገር ደግሞ አይቆምም። እ.ኤ.አ. በ2020 የካናዳ ተመራማሪዎች በቫንኩቨር ሆስፒስ ውስጥ የሚሞቱ ሰዎችን የአንጎል ሞገድ ለክተው ነበር። መልስ መስጠት ካቆሙት አንዳንዶቹ አንጎላቸው ድምፅን ይከታተል ነበር። የሰሙትን ተረድተውታል ለማለት አያስደፍርም። ግን አልጋው አጠገብ ስለ ቀብር ወጪ አለመከራከር ይሻላል።

የወረቀቱ ነገር

አሁን ስለ ብዙም የማይወራ ነገር ልናገር፣ ምክንያቱም ቤተሰብ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። አሜሪካዊ ወታደር ከሠራዊት ሲሰናበት ዲዲ 214 የሚባል ወረቀት ይሰጠዋል። ሐምሌ 1973 እ.ኤ.አ. በሴንት ሉዊስ ከተማ አጠገብ ያለው የወታደሮች መዝገብ ቤት ተቃጥሎ ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚደርስ ፋይል ወደመ። በብዛት የተቃጠለው ከ1960 በፊት የተሰናበቱ የምድር ጦር ሰዎች ማኅደር ነው። የሁለተኛው ዓለም ጦርነትና የኮሪያ ዘማቾች ማለት ነው። ስለዚህ ቤት ውስጥ፣ ጫማ ካርቶን ውስጥ ያለችው ቅጂ ወርቅ ናት። ሰውየው መናገር በሚችልበት ጊዜ «የት አስቀመጡት?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

በዚያች ወረቀት ብዙ ነገር ይገኛል። በብሔራዊ የወታደር መቃብር ያለ ክፍያ መቀበር፣ የመቃብር ድንጋይ፣ ባንዲራ፣ ሁለት ወታደሮች መጥተው የሚያደርጉት የክብር ሽኝት አለ። ከዚያ በላይ ደግሞ የሚስትየው ጉዳይ አለ። ቪየትናም ውስጥ የተረጨው ኤጀንት ኦሬንጅ የሚባል ኬሚካል ከሳንባና ከፕሮስቴት ካንሰር፣ ከስኳር፣ ከፓርኪንሰን ጋር ይያያዛል ተብሎ በሕግ ተቀምጧል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ሕግ የደም ግፊትን ጨምሮ ዝርዝሩን አስፍቶታል። ዘማቹ ከእነዚህ በአንዱ ከሞተ ሚስቱ በየወሩ ድጎማ ልታገኝ ትችላለች። ማመልከቻው እሱ በሕይወት እያለ ከገባ ነገሩ በጣም ይቀላል። በጎ ፈቃደኛው ማመልከቻ አይሞላም። ግን በነጻ የሚሞሉ የዘማቾች ማኅበራት አሉና አንድ ስልክ እንዲደወል ማሳሰብ ይችላል። ሞልቼ ላስገባላችሁ ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ከመጣ በሩን ማሳየት ነው።

ያልተፈታው

ይህ ሥራ ሁሉን አይፈታም። ሰባት ሕመምተኛ የያዘች ነርስ ዛሬም አለች። በጎ ፈቃደኛ አለ ተብሎ የነርስ ቁጥር እንዳይቀነስ መጠበቅ ያስፈልጋል። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ አብዛኞቹ ሆስፒሶች ለትርፍ የሚሠሩ ስለሆኑ ይህ ስጋት የወረቀት ስጋት አይደለም።

ሌላም አለ። አንዳንድ ሰው ሰው ባለበት መሞት አይሆንለትም። ልጆቹ ሦስት ቀን ሲጠብቁት ቆይቶ ቡና ሊቀዱ ሲወጡ ይሄዳል። ነርሶች ይህን ደጋግመው ያዩታል። ተነስቶ የወጣው ሰው ዕድሜውን ሙሉ ራሱን እንዳይወቅስ ይህን አስቀድሞ መንገር ይገባል። ብቻዬን ተዉኝ ያለም ሊተው ይገባል። ዋናው ነገር ምርጫው የእሱ መሆኑ ነው። የዩጂኑ ሽማግሌ ምርጫቸውን ተናግረው ነበር።

ወደ እኛ ሲመጣ

አሜሪካ ያለ የእኛ ሰው ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለም። በዋሽንግተንና አካባቢው በአረጋውያን መጦሪያና በቤት ለቤት እንክብካቤ የሚሠራው ሐበሻ ስንት ነው! ብዙ አሜሪካዊ ዘማች የመጨረሻ ሌሊቱን ያሳለፈው ከአንዲት ኢትዮጵያዊት ነርስ ረዳት ጋር ነው። እነዚህ እህቶቻችንና ወንድሞቻችን ከላይ ያልኩትን ብዙውን በተግባር ያውቁታል። «ወታደር ነበሩ?» የሚለውን ጥያቄ ቢጨምሩበት ደግሞ ብዙ ነገር ይከፈትላቸዋል።

የራሳችንም ዘማቾች አሉ። ቃኘው ሻለቃ እ.ኤ.አ. በ1951 ወደ ኮሪያ ሲሄድ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰልፎ ነው የተዋጋው። በየተራ የሄዱት ከ6,000 በላይ ናቸው። ከ120 በላይ ሞተዋል፣ ከ500 በላይ ቆስለዋል፣ አንድም ምርኮኛ አልሰጡም። ደርግ ሲመጣ ከኮሙኒስት ጋር መዋጋታቸው እንደ ነውር ተቆጥሮ ብዙዎቹ ዝም ብለው ኖሩ። የቪየትናሙን ሰው ዝምታ ስሰማ እነሱ ናቸው ትዝ የሚሉኝ። ዛሬ በሕይወት ያሉት ጥቂቶች ከዘጠና ዓመት በላይ ናቸው። ከእነሱ ወዲህም ብዙ ጦርነት አልፏል፣ ብዙ ዘማች ሸምግሏል።

አዲስ አበባ ውስጥ ሆስፒስ ኢትዮጵያ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ቤት ለቤት እየሄደ የማይድኑ ሕመምተኞችን ያስታምማል። ሥራው እንደሚቻል ያሳየ ነው። ከዚያ በተረፈ ግን የእኛ ዝግጅት ሁሉ ከሞት በኋላ ነው። እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ወንበርና ድስት ያመጣል፣ ሦስት ቀን ይቀመጣል። ሕመምተኛው ሳይሞት በፊት ያሉት ሌሊቶች ግን ለቤተሰብ የተተዉ ናቸው። ድሮ ቤተሰቡ ሰፊ ስለነበር ይሆን ነበር። ዛሬ ልጆቹ ዱባይ፣ ቤሩት፣ ዳላስ ናቸው። አባትየው ከአንዲት የቤት ሠራተኛ ጋር ነው ያሉት።

የእድሩ መዝገብ እጃችን ላይ ነው። የአባላት ስምና ስልክ አለበት፣ ጡሩምባ ነፊውም ጸሐፊውም አለ። ከአባላቱ ፈቃደኞቹን ለይቶ ሌሊቱን በሁለት ሦስት ሰዓት ተራ መክፈል ይቻላል። ሠፈር ውስጥ ያለ ጤና ጣቢያ አንዲት ነርስ ቢያውሰን ሥልጠናው ይጀመራል። ሥልጠናው ላይ ግን መቆጠብ አይገባም። አስታማሚው ውሃ በግድ እንዳያጠጣ፣ ሕመምተኛውን ከቦ እንዳያለቅስበት፣ ሕመም ሲበዛ ለማን እንደሚደውል፣ ዘማች ከሆነ ደግሞ ከየት በኩል ቆሞ እንደሚቀሰቅሰው አስቀድሞ ማወቅ አለበት።